ቲቪ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያሉት ቃላት እንዳያሳስቷችሁ

ባለፈው ዓመት ለእናቴ 43 ኢንች ቲቪ ገዛሁላት፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 4ኬ ይላል፣ ሻጩም ፎርኬ ነው አለኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ስንከፍተው ምስሉ መጥፎ አይደለም፣ ግን ፅሁፍ ሲመጣ የፊደሎቹ ጠርዝ ይሻክራል፣ ጎረቤት ቤት ያለው ላይ ደግሞ እንደዛ አይደለም። ማታ ካርቶኑን አንስቼ በደንብ ሳነበው ከ4ኬ ስር በጣም በትንሹ ሰፖርት (support) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተፅፏል። ልመልሰው ብዬ ብሄድ፣ ካርቶኑ ላይ ተፅፏል እኮ አሉኝ፣ ተፅፏልም። ከዛ ቀን ጀምሮ ቲቪ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምነግረው ይሄንን ነው።

4ኬ ሰፖርት ማለት ቲቪው የ4ኬ ቪዲዮ ቢሰጡት ይከፍታል ማለት ነው እንጂ ስክሪኑ 4ኬ ነው ማለት አይደለም፣ ቪዲዮውን ተቀብሎ አሳንሶ ነው የሚያሳያችሁ። እውነተኛው 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ነጥብ አለው፣ ሲባዛ ወደ 8.3 ሚሊዮን ይመጣል። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው፣ ወደ 2 ሚሊዮን ነጥብ፣ ማለትም ሩቡ። የእናቴ ይሄኛው ነበር፣ የከፈልኩት ግን የዛኛውን ዋጋ ነው። ኤችዲ ሬዲ የሚሉት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፣ ብዙ ጊዜ 1366 በ768። ለ32 ኢንች፣ ዜናና ድራማ ለሚያይ ቤት እሱም ይበቃል፣ ችግሩ የሌላ ዋጋ ሲጠየቅበት ነው። ስለዚህ ሻጩን 4ኬ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፣ የፓኔሉ ሬዞሉሽን፣ ማለትም የስክሪኑ የነጥብ ብዛት፣ ስንት በስንት ነው በሉት። ከዛ ከቲቪው ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር አይታችሁ እዛው ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ የአምራቹ ድረገፅ ላይ ፈልጉት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስህተት አለ፣ 4ኬ ከገዛሁ ሁሉም ቻናል 4ኬ ይሆናል ብሎ ማሰብ። በዲሽ የምናያቸው የኛ ቻናሎች 4ኬ አይደሉም፣ ቲቪው ያለውን ምስል ለማሳመር ይሞክራል እንጂ የሌለ ዝርዝር አይፈጥርም። 4ኬ በኢንተርኔት ልይ ካላችሁ ደግሞ ለምሳሌ ኔትፍሊክስ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፣ በሰዓት እስከ 7 ጊጋ ይበላል፣ በሞባይል ፓኬጅ የምትጠቀሙ ሰዎች ይሄንን ሳታሰሉ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ሌላው የፊደሎቹ ነገር ነው። ኤልኢዲ፣ ኪውሌድ፣ ኦሌድ። ሰው የሚሸወደው መጨረሻ ላይ ባሉት ሁለቱ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲፃፉ ኪው እና ኦ ስለሚመሳሰሉ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ኤልኢዲ ቲቪ የሚባለው በመሰረቱ ኤልሲዲ ነው፣ መብራቱ ከኋላ ኤልኢዲ ስለሆነ ነው ስሙ። ኪውሌድም ያው ኤልሲዲ ነው፣ ቀለሙን የሚያደምቅ ኳንተም ዶት የሚባል ንብርብር ተጨምሮበት። ኦሌድ ግን ከነጭራሹ ሌላ ነገር ነው፣ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ታወጣለች፣ ጥቁር ሲሆን ነጥቧ ትጠፋለች፣ ስለዚህ ጥቁሩ የምር ጥቁር ነው፣ ዋጋውም በዛው ልክ ነው። ብቻ ውድ ስለሆነ ለሁሉም ቤት ይሻላል ማለት አይደለም። እናንተ ቤት አንድ የዜና ቻናል ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ ጥግ ላይ ያለው ሎጎና ከስር የሚያልፈው ፅሁፍ የሚቀመጥበት ቦታ በጊዜ ብዛት ኦሌዱ ላይ ጥላ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ለእንደዛ ዓይነት ቤት ደህና ኪውሌድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኸርዝ። 60 ኸርዝ ማለት ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ሞሽን ሬት 240 ምናምን የሚል ታያላችሁ፣ ያ ኸርዝ አይደለም፣ አምራቹ ራሱ ያወጣው መለኪያ ነው፣ የስክሪኑ እውነተኛ ኸርዝ ብዙ ጊዜ የዛ ግማሽ ወይም ከዛም ያነሰ ነው። ኳስ ለማየት 120 ያስፈልጋል የሚባለውን አትስሙ፣ በዲሽ የሚመጣው ጨዋታ በሰከንድ ከ50 ምስል አይበልጥም፣ 60 ይበቃዋል። ቤት ውስጥ ፒኤስ 5 ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ ነው 120 ትርጉም የሚኖረው፣ እሱም ቲቪው ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ የሚያስገባው የገመድ መሰኪያ) 2.1 ካለው ነው፣ 2.0 ከሆነ 4ኬ ላይ ከ60 አያልፍም።

ኤችዲአር፣ ማለትም ደማቁንና ጨለማውን ቦታ ይበልጥ ለይቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት ላይም የሰፖርት ታሪክ ይደገማል፣ ምልክቱን መቀበልና ማሳየት ይለያያሉ። የስክሪን ድምቀት በኒት ነው የሚለካው፣ 250 ወይም 300 ኒት ያለው ቲቪ ኤችዲአር ቢልም ልዩነቱን አታዩትም። ሳሎናችሁ መስኮቱ ሰፊ ከሆነና ቀን ቀን የምታዩ ከሆነ ከምንም በፊት የኒቱን ቁጥር ጠይቁ። ዳይናሚክ ኮንትራስት (የደማቁና የጥቁሩ ልዩነት) ሚሊዮን ለአንድ የሚለውን ቁጥር ግን እለፉት፣ አምራቾች በጋራ የተስማሙበት አለካክ የለውም።

ስማርት የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ስማርት ስንት ዓይነት አለ፣ ጉግል ቲቪ አለ፣ ሳምሰንግ ታይዘን አለው፣ ኤልጂ ዌብኦኤስ፣ ሃይሰንስ ቪዳ፣ እነዚህ ደህና ናቸው። ርካሾቹ ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ፈቃድ የሌለው ባዶ አንድሮይድ ነው፣ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ኔትፍሊክስ ግን ወይ እምቢ ይላል ወይ በደብዛዛ ጥራት ነው የሚሰራው። ራሙ፣ ማለትም የቲቪው የስራ ሜሞሪ፣ 1 ጊጋ ከሆነ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሪሞት ተጭናችሁ እስኪታዘዝ ትጠብቃላችሁ። ሱቁ ውስጥ የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩና ራሳችሁ ሞክሩት፣ እኔ ብሆን ብሩን ስክሪኑ ላይ አውጥቼ ስማርቱን በኋላ ቲቪው ላይ በሚሰካ ትንሽ ቦክስ ነው የምጨምረው።

ከአሜሪካ ዘመድ ቲቪ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሳይገዛ በፊት ደውሉለት። እዛ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬቱን ብቻ ቀይራችሁ ትሰካላችሁ፣ ከ110 እስከ 120 ብቻ ካለ ግን በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ቲቪ አንቴና የሚቀበለው ኤቲኤስሲ በሚባለው ስልት ነው፣ ኢትዮጵያ የመረጠችው ዲቪቢ ቲ2 ነው፣ ስለዚህ በአንቴና አይሰራም፣ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ አገናኝታችሁ ነው የምታዩት። እዚህ ስትገዙ ደግሞ ዲቪቢ ኤስ2 አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለው የዲሹን ገመድ ቀጥታ ቲቪው ላይ ትሰካላችሁ፣ ለነፃ ቻናሎች ሪሲቨር አያስፈልግም። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል ግን እናቴ በሁለት ሪሞት፣ በቲቪውና በሪሲቨሩ፣ ምን ያህል እንደምትቸገር ስለማይ ለእኔ ከ4ኬው ይበልጥብኛል፣ አንዱ ድምፅ አንዱ ቻናል፣ አንዱን በስህተት ስትነካ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይቀርና ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች።

ሱቅ ስትሄዱ ፍላሽ ያዙ። ውስጡ ሦስት ፎቶ አድርጉ፣ አንዱ ሙሉ ነጭ፣ አንዱ ሙሉ ጥቁር፣ አንዱ ደቃቅ ፅሁፍ የበዛበት በ4ኬ መጠን የተሰራ። ነጩ ላይ የቆሸሸ የሚመስል ጥላ ካለ ይታያችኋል፣ ጥቁሩ ላይ ከጥግ የሚያፈስ መብራት ካለ ይታያችኋል፣ ፅሁፉን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ከተደባለቀ ስክሪኑ 4ኬ አይደለም ብላችሁ ጠርጥሩና የሞዴል ቁጥሩን ፈትሹ። ሙከራው ደግሞ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ማሳያ ላይ ሳይሆን ቤት በምትወስዱት ላይ ይሁን፣ ካርቶኑ እናንተ እያያችሁ ይከፈት።