ለቅሶ የማይደረስላቸው ሐዘንተኞች፦ የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አራቱን በተንከባካቢነት፣ ሁለቱን በተረኞች አስተባባሪነት። በዓል በመጣ ቁጥር ጠያቂ ይመጣል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ እማማዎቹና አባባዎቹ ይመርቃሉ፣ ሰዉም ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ይሄዳል። ያን ቀን ጠዋት 9 ሰው ያጠበችውን፣ ያለበሰችውንና ያጎረሰችውን ልጅ ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት የለም። እኛ ኃላፊዎቿም ብንሆን እንደግፋታለን ብለን የምናደርገው ነገር መልሶ የሚጎዳት ጊዜ አለ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ሞትን የአልጋ መለቀቅ አድርጎ ማየት

መጦሪያ ቤት የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸኘው ከዚያው ነው። አንዲት ተንከባካቢያችን አንዲትን እናት 3 ዓመት አጉርሳለች፤ እማማ ከሌላ ሰው እጅ አይበሉም ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እጇ ላይ አረፉ። ዓይናቸውን ከድና፣ አገጫቸውን አስራ፣ አጥባ ገነዘቻቸው። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በዚያው አልጋ ሌላ እናት አስተኛን። ማታ ልጅቷ ለአዳር ስትመለስ አዲሷን እናት «እዚህ ማን አስተኛዎት?» ብላ ጮኸችባቸው። እኔም ጩኸቱን የሥነ ምግባር ጉድለት ብዬ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሞትበት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እየተባለ ይቀመጣል። ሕጉም ለሐዘን ቦታ ሰጥቷል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። 3 ዓመት ያጎረሰቻቸው እናት ግን በየትኛውም ደረጃ ዘመዷ አይደሉም። ስለዚህ ፈቃድ የላትም፣ ድንኳን አይተከልላትም፣ «ያጽናሽ» የሚላትም የለም። ሐዘኑን ግን ይዛው ወደ ሥራ ትመለሳለች።

አሁን ሰው ባረፈ ጊዜ በጠዋቱ ርክክብ ላይ፣ ሥራ ከመከፋፈላችን በፊት፣ የሟቹን ስም እናነሳለን። የገነዘችው ልጅ ከፈለገች ስለ እሳቸው የምታስታውሰውን ታወራለች፤ ካልፈለገች ማንም አይጎተጉታትም። ሁላችንም ለቅሶ ቤት እንደሚባለው እንላታለን። አልጋው ቢያንስ አንድ ሌሊት ባዶውን ያድራል። ቀብር ማን እንደሚሄድም አስቀድመን እንወስናለን። በተለይ ሟቹ ሙስሊም ከሆኑ ቀብሩ ሳይውል ሳያድር ስለሚፈጸም ተተኪ ተረኛ ለመፈለግ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ በየአንዳንዱ አረጋዊ ስም አንጻር «ማን ይሸኛቸው?» የሚል መስመር በተረኞች መዝገብ ላይ አለን። የኦርቶዶክሶቹን አርባ በንፍሮና በቡና እናስባለን። ይህን ሁሉ ስናደርግ ወጪ የጠየቀን ያ አንድ ሌሊት ባዶ የሚያድረው አልጋ ነው፤ ቦርዱም በመጀመሪያ የተከራከረን በእሱ ነበር። እኔ አሁንም ከዚያ አንድ ሌሊት ወደኋላ አልልም።

«ጽድቅ ነው» እያሉ ድካምን ዝም ማሰኘት

አረጋዊ መጦር በእኛ ዘንድ በረከት ነው። ተንከባካቢዎቻችንን በሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳቸውም ይኸው እምነት ነው፤ ማንም ሊነካባቸው አይገባም። ስህተቱ ኃላፊ እምነታቸውን ለራሱ ሲጠቀምበት ነው። «ወገቤን አመመኝ» ላለችው «ዋጋሽን ከላይ ታገኚዋለሽ» ይላታል፤ የትርፍ ሰዓቷን ለጠየቀችው «ለገንዘብ ነው እንዴ የምትሠሪው?» ይላታል። ከዚያ ወዲያ ድካሟን መናገር ኃጢአት ይመስላታል፤ የሆዷን በሆዷ ይዛ ትቀራለች።

አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 1.75 እጥፍ ነው። ቤታችሁ በልመናና በስጦታ የቆመ ቢሆንም ይህን መለኪያ አትልቀቁ። ገንዘብ ያጠረበት ወር ካለ ሰብስባችሁ ሐቁን ንገሯቸው፣ የሚከፈልበትንም ቀን ቁረጡ። ደግሞ «ዛሬንም እደሪልኝ» ሲባሉ እምቢ ማለት የማይችሉ ልጆች አሉ። ተረኛ በቀረ ቁጥር ስልካችን የሚሄደው ወደ እነሱ ነው፤ ቀድመው የሚሰበሩትም እነሱ ናቸው። የማን ስንት አዳር እንደሆነ በወር አንድ ጊዜ ቁጠሩ።

ለተመታች ተንከባካቢ «ሕመም ነው እኮ» ማለት

የመርሳት በሽታ ያለባቸው አባባ አንዷን በጥፊ መቷት። ሕመም መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ጉንጯን አላበረደውም። ከ«ሕመም ነው» የባሰው ደግሞ «ምን ብታደርጊያቸው ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ልጅቷን ከክፍሉ አውጡ፣ ውሃ ስጧት፣ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ይግባ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ መጀመር ያለበትም ከአባባ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የሚያመውን መናገር ሲያቅተው ሊማታ ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጥርስ ሕመም፣ የአልጋ ቁስል ወይም ፍርሃት ሊሆን ይችላል።

እኛ ቤት አንድ ክረምት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትግል ነበር። ሐምሌ ላይ የአካባቢያችን ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ መብራት ይጠፋል፣ ማሞቂያው አይሠራም፣ እኛ ደግሞ የገላ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው ብለን ደርቀናል። ለብ ባለ ውሃ እናጥባለን ብንልም ውሃው ሰውነታቸው ላይ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። አረጋውያኑ ይጮኻሉ፣ ይቧጭራሉ፣ ልጆቹ እያለቀሱ ይወጣሉ። የገላውን ሰዓት ፀሐይ ወደምትወጣበት ወደ 6 ሰዓት አዛወርነው፣ ውሃውንም በእንጨት አፈላን። ትግሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጣም ቀነሰ። ያን ጊዜ ለሠራተኞቹ ምክርም ስብሰባም አልሰጠንም፤ ጠዋት ሲገቡ ግን ፊታቸው ተፈትቶ ነበር።

ሁሉንም ሰብስቦ «የሆዳችሁን ተናገሩ» ማለት

ከባድ ነገር በደረሰ ማግስት ሠራተኛውን በሙሉ ክብ አስቀምጦ ተራ በተራ ማናገር ደግነት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የደረሰውን በዝርዝር የሚያስተርክ እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ ስብሰባ እንዲደረግ አይመክርም። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያው ያስቀመጠው ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማን እንደተጎዳ ታያላችሁ፣ መናገር ለፈለገ ጆሮ ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገውን ሊረዳው ከሚችል ጋር ታገናኛላችሁ። እንዲናገር መገፋት የለበትም።

እኛ ጋ ይህን የሠራልን ቡና ነው። አቦሉ ላይ የሚወራው ስለ ዘይት ዋጋ ነው፣ ቶናው ላይ ስለ ልጆች ትምህርት፤ የሌሊቱ ነገር የሚመጣው በረካው ላይ ነው፣ እሱም ከመጣ ነው። አጀንዳ አይያዝም፣ ቃለ ጉባኤም አይጻፍም። ኃላፊም ባይቀመጥ ይሻላል። እኔ አስተባባሪ ከሆንኩ በኋላ ስገባ ወሬው እንደሚቋረጥ አስተዋልኩ፤ መቅረቱ ከብዶኝ ነበር፤ ቢሆንም ቀረሁ።

መንገዱን መርሳት

ከከተማው ዳር ላሉ ቤቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ የማታ ርክክብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጨለማ ነው፣ በክረምት ጭቃ ነው፣ የጅብ ድምፅ ይሰማል፣ አስፋልቱም ላይ ታክሲ የለም። ልጆቹ ከ11 ሰዓት ጀምረው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እጃቸው አረጋዊውን እያጎረሰ ልባቸው መንገድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ጭንቀት ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ ጋበዝን። ጥሩ ሥልጠና ነበር። ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያዋ እጅ ያወጣች ልጅ «ርክክቡን ለምን አታስቀድሙልንም?» አለች። ወደ 11 ሰዓት ተኩል አስቀደምነው። ለዘገየች ደግሞ የምታድርበት ንጹሕ አልጋ ለይተን አስቀመጥን።

መዛልን ከስንፍና መቁጠር

የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ መዛልን በሽታ አይለውም፤ ካልተገራ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ነው ይላል። ሦስት መልክ አለው፦ ኃይል ማጣት፣ ከሥራው በልብ መራቅና ምንም አልሠራሁም የሚል ስሜት። እኔ በቋንቋ ነው የማውቀው። «እማማ በልተዋል?» ትል የነበረች ልጅ «አልጋ 6 በልቷል?» ማለት ስትጀምር ልቧ ደክሟል። ሰነፈች ብላችሁ ማስጠንቀቂያ አትጻፉባት። የዓመት ፈቃዷ ተጠራቅሞ እንደሆነ እዩ፤ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ብቻ 16 የሥራ ቀን አላት። ሞት የበዛበት ክፍል ውስጥ ስንት ወር እንደቆየች እዩና ለጊዜውም ቢሆን ቀይሯት።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላት፣ ደስ ይላት የነበረው ነገር ሁሉ ከተዋት፣ ይህም ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ያስፈልጋታል። ሞትን የምትመኝ ከሆነማ ዛሬውኑ አብራችኋት ሂዱ። ብዙ ሰው «አማኑኤል ሂጂ» የሚለውን እንደ ስድብ ስለሚሰማው አነጋገራችሁን ጠብቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይልኳታል። ጸበል እሄዳለሁ ካለችም አትከልክሏት፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ ግን አደራ በሏት።

ጥበቃውንና ልብስ አጣቢዋን አለመቁጠር

የሬሳ ሣጥኑን የሚሸከመው ጥበቃው ነው። ሰው እየደከመ መሆኑን ደግሞ ልብስ አጣቢያችን ከነርሷ ቀድማ የምታውቅበት ጊዜ አለ፤ አንሶላው ይነግራታል። ለዓመታት በርክክብ ላይ ሁለቱንም ጠርተናቸው አናውቅም። አንድ ጠዋት ልብስ አጣቢዋ ያረፉትን እናት ነጠላ አጥባ፣ አጥፋ፣ በሁለት እጇ ይዛ ቢሮዬ መጣችና «ለማን ልስጠው?» አለችኝ። ወስጄ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው ስል አልለቀቀችውም። ቁጭ አልን፣ ስለ እማማ አወራችልኝ፤ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ታውቅ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ርክክቡ ላይ ወንበር አላት።