ነርሲንግ እየተማሩ የሚሠሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነርሲንግ እየተማሩ ጎን ለጎን መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። የትምህርት ክፍያ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ከእናንተ የሚጠብቅ ቤተሰብም ሊኖር ይችላል። ታዲያ ሁሌም "ነገ ነርስ የሚሆን ሰው ይህን ይሠራል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አስተናጋጅነትን፣ ጽዳትን፣ ዕቃ ማድረስን፣ የሌሊት ጥበቃን እንደ ነውር የሚያይ ማለት ነው። እኔ አልስማማም። የተማሪ ስም ሲበላሽ ያየሁት ሥራውና ትምህርቱ ተደበላልቀው ወሰናቸው ሲጠፋ ነው። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች ሁሉም እዚያው ወሰን ላይ የሚፈጠሩ ናቸው።

ከአዳር ሥራ በቀጥታ ወደ ዋርድ መግባት

በጣም የተለመደውም በጣም አደገኛውም ይሄ ነው። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ተማሪ ፊቱን ታጥቦ ጠዋት ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት የሆስፒታል ክፍል) ለተግባር ልምምድ ይሰለፋል። ለራሱ ጎበዝና ታታሪ ነው። አስተማሪው የሚያየው ግን ሌላ ሰው ነው፦ የፈረቃ ርክክብ ላይ የሚያዛጋ፣ የነገሩትን ደግሞ የሚጠይቅ፣ የአንዱን ታካሚ የደም ግፊት በሌላው ቻርት ላይ የሚጽፍ፣ በትንሹ የሚነጫነጭ። ማንም ቆሞ "ይሄ ልጅ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ነው" አይልለትም። "ግድ የለሽ ነው" ተብሎ ይያዝበታል።

ጉዳዩ ደግሞ ከስም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የአእምሮና የእጅ ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ አሳይቷል። በብዙ አገሮች ይህን ያህል ጠጥቶ መኪና መንዳት ያስቀጣል። 24 ሰዓት ሲሞላ መጠኑ ወደ 0.10 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ የመድኃኒት መጠን አስሉ ስትባሉ አስቡት። አንዲት የአስርዮሽ ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ታካሚው አሥር እጥፍ ሊወስድ ይችላል።

መፍትሔው "ተጠንቀቁ" ብቻ አይሆንም፤ ቀድሞ መደራደር ነው። የልምምድ ፕሮግራሙ እንደወጣ ለአሠሪያችሁ ስጡት። ሳምንቱ ሲደርስ ስትለምኑ ማንም ፈረቃ አይለውጥላችሁም። በሁለቱ መካከል ስንት ሰዓት ይበቃል ለሚል፣ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት ሕግ ለሠራተኛ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይጠይቃል። ሕጉ ባይመለከታችሁም ጥሩ መለኪያ ነው። ነገር ተበላሽቶ ሳትተኙ ከመጣችሁስ? መድኃኒት ከመንካታችሁ በፊት ለአስተማሪያችሁ ተናገሩ። ቁጣ ይኖረዋል፤ ከስህተት በኋላ ከሚመጣው ግን ይሻላል።

"ነርሳችን ናት" ሲባል ዝም ማለት

መድኃኒት ቤት፣ ጂም ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠሩ ይሄን ታውቁታላችሁ። አለቃው ደንበኛ ፊት ያሞግሳችኋል፤ እናንተ ፈገግ ትላላችሁ። በብዙ አገሮች ይህ ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ለምሳሌ ሳይመዘገቡ "የተመዘገበ ነርስ" ነኝ ማለት ወንጀል ነው። እዚያው፣ ደንበኛው ሳይሄድ፣ "ገና ተማሪ ነኝ" በሉ። ማንንም አያሳፍርም።

"ትምህርት ቤት ተምረሽው የለ!" ሲባል መሸነፍ

በረዳትነት ወይም በተንከባካቢነት የሚሠሩ ተማሪዎች ከባድ ፈተና ይሄ ነው። ቀኑ ተጨናንቋል፣ ነርሷ አንድ ብቻ ናት፣ እናንተ ደግሞ መርፌ መውጋት ትችላላችሁ። ስትጠየቁ እምቢ ማለት ትዕቢት ይመስላል። ይሉኝታውም አለ።

ነገር ግን በልምምድ ላይ መርፌ ስትወጉ የምትሠሩት በአስተማሪ ክትትል ሥር ነው። ኃላፊነቱን ትምህርት ቤቱ ይጋራችኋል። በሥራ ቦታ ያ ሁሉ የለም። የሚገዛችሁ የተቀጠራችሁበት የሥራ መደብ ነው። ረዳት ሆናችሁ ከተቀጠራችሁ፣ እጃችሁ የቱንም ያህል ቢለምድ፣ ለረዳት ያልተፈቀደውን አትሠሩም። አንድ ነገር ቢፈጠር ያዘዛችሁ ሰው አብሯችሁ መቆሙን የሚያረጋግጥላችሁ ማንም የለም። "ልምምድ ላይ የምሠራው አስተማሪ አጠገቤ ቆሞ ነው፤ እዚህ የሥራ መደቤ አይፈቅድልኝም። ሌላ ምን ልርዳ?" ማለት ይበቃል። የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት፤ እምቢታውን የምታለዝበው እሷ ናት።

በተቃራኒውም ይሠራል። ሥራ ቦታ የተማራችሁትን አቋራጭ ወደ ልምምድ ይዛችሁ አትምጡ። "እኛ ጋ እንዲህ አይደለም የሚሠራው" የሚል ተማሪ አስተማሪ ፊት ቶሎ ይሰለቻል።

ጎረቤትና ዘመድ "ቤት መጥተሽ መርፌዬን ውጊልኝ" ሲሉም መልሱ ያው ነው። ገንዘብ ከተቀበላችሁበት ደግሞ ይብሳል።

የልምምድ ጋውን ለብሶ ሌላ ሥራ መሄድ

ዋርድ ውስጥ የዋለ ልብስ ጀርም ይዞ ይወጣል፤ ይሄ ብቻውን ይበቃል። በተጨማሪም የትምህርት ቤቱ ዓርማ ደረታችሁ ላይ እያለ ከደንበኛ ጋር ብትጨቃጨቁ፣ የተጨቃጨቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ቅያሪ ልብስ ያዙ።

ታካሚን ደንበኛ ማድረግ

ቫይታሚን፣ የቆዳ ቅባት፣ "ማቅጠኛ ሻይ" የሚሸጥ ተማሪ በየክፍሉ አለ። መሸጡን አልቃወምም። ችግሩ የሚመጣው ጋውን ለብሶ ተነሥቶ ምስሉን ከዕቃው ጋር ሲለጥፍ፣ ወይም አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ስልክ ቁጥሩን ሲሰጥ ነው። ታካሚ እምቢ ለማለት ነፃ አይደለም። ነገ የምታጥቡት፣ የምታገላብጡት እናንተ ናችሁ። ካልገዛሁ ፊት ይነሱኛል ብሎ ይሰጋል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ የምትሠሩም ብትሆኑ፣ ሥራውን ከዋርድ ታካሚዎች አትመልምሉ።

"የራሴ ገጽ ነው" ማለት

ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ እየሠሩ ገቢ የሚያገኙ ተማሪዎች በዝተዋል። ብዙዎቹ የታካሚ ስም ካልጠሩ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። "ዛሬ ማታ ድንገተኛ ክፍል የገባችው የ19 ዓመቷ ልጅ" ካላችሁ ግን እናቷ ታውቃታለች። የገጻችሁ ባለቤት መሆናችሁም ሁልጊዜ አያድናችሁም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት አንድ የነርሲንግ ተማሪ በፌስቡክ ገጹ ላይ በጻፋቸው ነገሮች ከኮሌጁ ትምህርት ተሰናብቶ ከሰሰ። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ለኮሌጁ ፈረደ። ተማሪዎችም የሙያውን ሥነ ምግባር እንዲጠብቁ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ተቀብሏል። ውሳኔው ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል፤ ገና ተማሪ ለሆነ ሰው ማስጠንቀቂያ ይቀድማል ባይ ነኝ። ቢሆንም የሚፈርደው እኔ አይደለሁም።

ሥራውን መደበቅ

"ታምሜ ነው" ብሎ ልምምድ የቀረ ተማሪ፣ ማታ በአሠሪው ገጽ ላይ እየሣቀ ሲያስተናግድ ይታያል። ስክሪንሾቱ ለአስተማሪው ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ስለ ቀረበት ቀን መሆኑ ይቀርና ስለ ታማኝነቱ ይሆናል። የታካሚን ቻርት የሚሞላ ሰው ደግሞ የሚታመነው በቃሉ ነው።

ለሁሉም ሰው ሁሉን ንገሩ እያልኩ አይደለም። የክፍል ኃላፊያችሁ የምትሠሩበትን ሰዓት ቢያውቅ ይበቃል። የምሽት ክበብ ወይም የሞዴልነት ዓይነት ሰው የሚያነሣው የሚጥለው ሥራ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የትምህርት ቤታችሁን የሥነ ምግባር ደንብ አንብቡ፤ የሚከለክል ነገር ካለ ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። ውጭ አገር የምትማሩ ደግሞ የቪዛችሁን ሰዓት ቁጠሩ። በብሪታንያ በተማሪ ቪዛ ያለ የዲግሪ ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ተደብቆ ያለፈው ሰዓት ሲገኝ ቪዛውም አብሮ ይናጋል።

ከሲቪ ላይ መሰረዝ

ሲመረቁ የአስተናጋጅነቱን ዓመታት የሚያጠፉ አሉ። ለምን? ስምንት ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ይዞ ማንን ማስቀደም እንዳለበት የሚያውቅ፣ የተቆጣ ሰው ያረጋጋ፣ የሌሊት ፈረቃን የለመደ ሰው ለዋርድ ባዳ አይደለም። ሲጽፉት "በትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ" ብሎ ማለፍ ጥቅም የለውም። ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ኃላፊነት እንደነበራችሁ አስፍሩ። የቀድሞ አለቃችሁንም ምስክር አድርጉ። ግን ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት አስፈቅዱት።