ሁለተኛው መጽሐፍ እንዴት ይጻፋል? መጽሐፈ ሄኖክን ወደ ወሎ ማምጣት

ባለሦስት ቅጽ ፋንታሲ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን በጉጉት ይጨርሳል። የመጨረሻውንም ሳይጀምረው ያውቀዋል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ጦርነቱ የሚወስድ መንገድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ያድራሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለሁለተኛው መጽሐፍ የራሱን ጥያቄ ስጡት።

መጀመሪያ ምንጩን እንደገና አንብቡ። መጽሐፈ ሄኖክ 108 ምዕራፍ አለው፤ ሙሉው የተረፈልን በግእዝ ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ምዕራፍ 6 ላይ ወደወረዱት 200 መላእክት ነው። ሚስት ያገባሉ፣ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራት ያስተምራል። ይህ ለአንደኛው መጽሐፍ ይበቃል። ለሁለተኛው ከምዕራፍ 12 እስከ 16 ያለውን ውሰዱ። ትጉሃን የሚባሉት እነዚያ የወደቁት መላእክት ሄኖክን አቤቱታ ጻፍልን ይሉታል። ይጽፍላቸዋል። በዳን ውኃ ዳር ተቀምጦ ሲያነበው እንቅልፍ ይወስደዋል። በራእይ የሚመጣው መልስ ግን እምቢታ ነው። እናንተ ስለ ሰው መለመን ሲገባችሁ እንዴት ሰው ስለ እናንተ ይለምናል ይባላሉ። እንግዲህ ጥያቄያችሁ ተገኘ፤ አቤቱታው ይሰማ ይሆን? መልሱም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያልቃል።

ቀጥሎ ቦታ ምረጡ። አቤቱታ ጸሐፊውን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሐይቅ ዳር አስቀምጡት፤ የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ስላለ ብራናና ቀለም አይቸግረውም። እስረኞቹ፣ ማለትም የወደቁት መላእክት፣ ደግሞ ግሸን ላይ ይሁኑ። በመጽሐፈ ሄኖክ አዛዝኤል በዱዳኤል በረሃ ከድንጋይ ሥር ተቀብሯል። ግሸን ግን መስቀለኛ አምባ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ ይጋዙበት ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ያለ እስረኛ ይረሳል። ከላይ ሆኖ አገሩን እያየ የሚታሰር ግን ቂም ይይዛል፤ ለልብ ወለድ የሚበጀውም እሱ ነው።

የወሎ አንባቢ ከአንድ ቤተሰብ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ሄኖክን ነቢዩ ኢድሪስ ነው ይላሉ። ሱረቱ መርየምም ወደ ከፍተኛ ስፍራ እንዳነሣው ይናገራል። ስለዚህ ነቢዩን ራሱን ገጸ ባሕርይ አታድርጉት፤ የራሳችሁን ሰው በራሳችሁ ስም ፍጠሩ። ረቂቁንም ለአንድ የቤተ ክርስቲያን መምህርና ለአንድ ሼህ አስነብቡ። ይቆጡ ይሆናል፤ አሁን ቢቆጡ ይሻላል።

ያለፈውን መጽሐፍ መተረክ ላይ ጊዜ አታጥፉ። አንዲት እናት ቡና እያፈላች «አብሽር ልጄ፣ ያ ሁሉ አለፈ» ካለችው አንባቢው የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

መጨረሻው ላይ አቤቱታ ጸሐፊው እምቢታውን ይዞ ወደ አምባው ይውጣ። ለእስረኞቹ ፊት ለፊታቸው ያንብብላቸው፤ ይህን ትዕይንት አትዝለሉት። ከዚያ ከእስረኞቹ ማን እንደተነሣ በአንድ አንቀጽ ጠቁሙና አቁሙ። ጦርነቱ የሦስተኛው ነው።