ሆርን አንቴና ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያ ላይ ውጡና ቤት ቁጠሩ

ድሬ ውስጥ ኔትወርክ የምትዘረጉ ልጆች ስትደውሉልኝ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ሁሌ አንድ ነው፣ «ስንት ዲቢአይ ልግዛ?»። ዲቢአይ የአንቴናው ጌይን፣ ማለት ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል አጠናክሮ እንደሚልክ የሚለካበት ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፣ ስንት ቤት ነው፣ የቅርቡ ስንት ሜትር ላይ የሩቁስ ስንት ላይ ነው፣ የምትሰቅሉበት ፎቅ ከነሱ ጣሪያ በስንት ይበልጣል? ይሄን ሳያውቅ አንቴና የሚገዛ ሰው እግሩን ሳይለካ ጫማ እንደሚገዛ ነው።

ሆርን ምንድነው ለማያውቅ ባጭሩ። የድምፅ ማጉያ አፍ አይታችኋል አይደል፣ ከውስጥ ጠቦ ወደ ውጭ የሚሰፋው፣ ሆርንም እንደሱ ነው፣ ሲግናሉ በአንድ አፍ ወደ ፊት ይወጣል። የለመድነው ረጅሙ ሴክተር አንቴና ግን ውስጡ ብዙ ትንንሽ ፓች (ጠፍጣፋ አንቴና) ተደርድሮበት ነው የሚሰራው፣ ጌይኑ ትልቅ ይሆናል ግን በጎን፣ በላይና በታች ሳይድ ሎብ የሚባሉ ያልፈለግናቸው ጆሮዎች ይበቅሉበታል። አንቴና በሚልክበት አቅጣጫ ሁሉ ይሰማል፣ ስለዚህ በሳይድ ሎብ የጎረቤቱን ራውተር፣ የሆቴሉን ዋይፋይ፣ የሌላውን ሰው ሊንክ ሁሉ እየሰበሰበ ያመጣላችኋል። ሆርን ላይ ሳይድ ሎቡ በጣም ትንሽ ነው፣ ከሴክተር የሚለየውም በዋናነት በዚህ ነው።

ይሄ እኔ ራሴ ላይ ደርሶ ነው የገባኝ። ሳቢያን ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ 20 ዲቢአይ ሴክተር ሰቅዬ በጣም ኮርቼ ነበር፣ የደንበኞቹ ሲግናል -57 ዲቢኤም አካባቢ (ዲቢኤም የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ጠንካራ ነው)፣ ወረቀት ላይ ማለፊያ። ማታ ማታ ግን ስልኬ አያርፍም፣ «ወሪያ ምነው ቪድዮው ቆመ» ነው። አክሰስ ፖይንቱ (ፎቁ ላይ ሆኖ ለደንበኞቹ የሚያከፋፍለው ሬዲዮ) ጋ ገብቼ ኖይዙን (ጫጫታውን) ሳየው -72 ነው፣ ማለት በሲግናልና በኖይዝ መሀል የቀረኝ 15 ዲቢ ብቻ። አውርጄ ባለ 60 ዲግሪ ሆርን ሰቀልኩ፣ ጌይኑ በ7 ዲቢ ያንሳል፣ ሲግናሉም እንደተጠበቀው ወደ -64 ወረደ፣ ኖይዙ ግን -88 ገባ። 15 የነበረው 24 ሆነ በደካማ አንቴና! ከዛ ቀን ጀምሮ ካታሎግ ላይ ጌይን የሚለውን መስመር መጨረሻ ላይ ነው የማነበው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሲሜትሪካል ሆርን የሚባሉት በጎንም በቁመትም ቢማቸው (ሲግናሉ ተከፍቶ የሚወጣበት ማዕዘን) እኩል ነው፣ 30፣ 40፣ 60፣ 90 ዲግሪ እያላችሁ ታገኛላችሁ። የ30ው ወደ 18 ዲቢአይ፣ የ90ው ወደ 10 ዲቢአይ አካባቢ ነው። ስፋቱን በሜትር ቀይሩት፣ የ30 ዲግሪ ቢም 1 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 535 ሜትር ይሰፋል፣ የ60ው 1150 ሜትር ገደማ፣ የ90ው ደግሞ 500 ሜትር ላይ 1 ኪሎ ሜትር። ጉግል ኧርዝ ላይ ከፎቃችሁ ተነስታችሁ ሁለት መስመር አስምሩና መሀሉ ላይ የሚወድቁትን ጣሪያዎች ቁጠሩ፣ ደንበኛ የምትሏቸው ብቻ ይቆጠሩ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ፋብሪካ የቢሙን ስፋት የሚለካው ሲግናሉ በ3 ዲቢ በሚወርድበት ቦታ ነው፣ ሌላው በ6 ዲቢ፣ ስለዚህ ሁለት «60 ዲግሪ» የተባሉ አንቴናዎች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ስሙን ሳይሆን የቢሙን ስዕል እዩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቁመቱን ነው። ፎቃችሁ ከደንበኛው ጣሪያ 20 ሜትር ይበልጣል እንበል። 100 ሜትር ላይ ያለውን ቤት ለማየት ስንት ዲግሪ ወደ ታች? 20 ለ100 አካፍሉ በ57 አባዙ፣ ወደ 11 ዲግሪ። 1500 ሜትር ላይ ያለው ቤት ደግሞ 1 ዲግሪ እንኳን አይሞላም። ሴክተሩ በቁመት 8 ዲግሪ ብቻ ከሆነና 3 ዲግሪ ካዘነበላችሁት ከ160 ሜትር ወዲህ ያሉት ቤቶች ከቢሙ ስር ይቀራሉ፣ እዛው ፎቁ ስር ያለው ደንበኛ ከሩቁ የባሰ ኢንተርኔት የሚያገኘው ለዚህ ነው (እሱ ደግሞ ነው በእግሩ መጥቶ የሚጮህባችሁ)። የ30 ዲግሪ ሆርን 5 ዲግሪ ብታዘነብሉት እስከ 55 ሜትር ድረስ ወርዶ ያያል። ደንበኞቹ ሁሉ ቅርብ ከሆኑ እንደውም በደንብ አዘንብሉት፣ የሩቁ ጫጫታ ከቢሙ ጠርዝ ውጭ ይወድቅላችኋል።

ሐረር ላይ ይሄ ነገር የበለጠ ይታያል። ጀጎል ግንቡ ውስጥ ያለው በሙሉ 48 ሄክታር ገደማ ነው፣ ከሐኪም ጋራ በኩል ወይም ከሌላ ከፍታ 2 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ አንድ የ30 ዲግሪ ሆርን ወደ 1070 ሜትር ስፋት ስለሚሸፍን ጀጎል ሙሉ በሙሉ ሊገባላችሁ ይችላል። ገባ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም፣ አንድ አክሰስ ፖይንት ያን ሁሉ ቤት አይሸከምም። የድንጋይ ግድግዳውንም ሲግናሉ አያልፈውም፣ የደንበኛው ሬዲዮ ጣሪያ ላይ መውጣት አለበት። ደግሞ ቦታው በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ድሪል ይዛችሁ ግንቡ ላይ አትሂዱ፣ መጀመሪያ ፈቃድ።

ድሬ ላይ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ማሻገር ለኔ ቀላሉ ስራ ነው፣ አሸዋው ላይ የሚከልል ነገር የለም። ከዚራ ውስጥ ግን ዛፉ ያስቸግራል። ቅጠል 5 ጊጋኸርዝን ይውጠዋል፣ «በቅጠሉ መሀል ይታያል» ማለት ሲግናሉ ያልፋል ማለት አይደለም። 2 ኪሎ ሜትር ሊንክ ላይ መሀሉ ጋ ፍሬስኔል ዞኑ (በሁለቱ አንቴናዎች መሀል ሲግናሉ ሰፍቶ የሚያልፍበት ቦታ) ወደ 5 ሜትር ራዲየስ አለው፣ ቢያንስ 3 ሜትሩ ከማንኛውም ነገር ነጻ ይሁን። ዛፍ ደግሞ ያድጋል፣ ዘንድሮ ጫፉን የነካ ኒም ከርሞ መሀል ላይ ነው የምታገኙት፣ ስለዚህ ስትለኩ ለሱም ትርፍ ተዉለት።

ስለ ኃይል። ኢአይአርፒ የሚባለው ከሬዲዮው የሚወጣው ሲደመር የአንቴናው ጌይን ሲቀነስ ኬብሉ የሚበላው ነው፣ በአየር ላይ ስንት መልቀቅ እንደሚቻል ገደብ አለው። ፈቃዱንም፣ የፍሪኩዌንሲውንም ነገር፣ የዕቃውንም ማረጋገጫ የሚሰጠው በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፣ ያለ ፈቃድ ኢንተርኔት መሸጥ የለም፣ ገደቡንም ከነሱ ጠይቃችሁ ነው ሬዲዮው ላይ የምታስገቡት። ለምሳሌ ያህል ብቻ ገደቡን 30 ዲቢኤም ብለን ብናስብ፣ የ18ቱን ሆርን ሬዲዮ 12 ላይ፣ የ10ሩን 20 ላይ ታደርጋላችሁ፣ ለደንበኛው የሚደርሰው ዳውንሎድ ሁለቱም ላይ እኩል ነው። ታዲያ ትልቁ ጌይን ምን ጠቀመ? ከደንበኛው ሲመጣ ነው የሚጠቅመው፣ አክሰስ ፖይንቱ በ8 ዲቢ አሻሽሎ ይሰማዋል። ሒሳቡን እንዲህ ስሩት፣ 5.8 ጊጋኸርዝ 2 ኪሎ ሜትር ላይ አየሩ ብቻውን ወደ 114 ዲቢ ይበላል፣ 30 ሲደመር የደንበኛው ዲሽ 25 ሲቀነስ 114፣ -59 አካባቢ መድረስ አለባችሁ። -70 ካያችሁ ወይ ዲሹ ስቷል ወይ መንገዱ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ አንቴና ለመቀየር አትሩጡ።

ቻናል ላይ ብዙ አልልም። ጠባብ ሆርን ስትደረድሩ በሁለት ቻናል እያፈራረቃችሁ ዙሪያውን መሙላት ይቻላል፣ ጀርባ ለጀርባ ያሉትም አንድ ቻናል መጠቀም ይችላሉ፣ ግን ሬዲዮው ጂፒኤስ ሲንክ (ሁሉም እኩል እንዲልኩና እኩል እንዲያዳምጡ የሚያደርግ) ካለው ነው፣ ያለበለዚያ አንዱ ሲልክ ሌላው እያዳመጠ ስለሚሆን ይረባበሻሉ፣ ለየብቻ ቻናል ስጧቸው። የቻናሉን ስፋት ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ ለማውጣት አትቸኩሉ፣ ስፋቱን እጥፍ ስታደርጉ ኖይዙም 3 ዲቢ ይጨምራል፣ መጀመሪያ በ20 አስተካክሉት።

መግዣው ላይ የሬዲዮውና የአንቴናው መጋጠሚያ አንድ አይነት መሆኑን እዩ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ መጥቶ ሳይገጥም ሲቀር ያለው ንዴት አይነገርም። ኬብሉ የውጭ፣ ፀሀይ የሚችል፣ ሺልድ ያለው ይሁን፣ የድሬ ፀሀይ የቤት ውስጡን ኬብል ሽፋን ሰነጣጥቆ ነው የሚጥለው። ኤርዝ ማድረግ አትርሱ።

ስትሰቅሉ የስልክ ኮምፓስ አትመኑ፣ ብረት ታወር አጠገብ ይዋሻል። በሚታይ ነገር አነጣጥሩ፣ ሚናሬት፣ ውሃ ታንከር፣ ባቡር ጣቢያው፣ ካርታው ላይ ከፎቃችሁ ወደሱ መስመር አስምራችሁ። ለዝንባሌው ግን ስልኩ ላይ ያለው የማዕዘን መለኪያ ይበቃል። ፈተናውን በቀን ሰርታችሁ ደስ ብሏችሁ አትውረዱ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ኔት ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ኖይዙን እንደገና እዩት፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። በመጨረሻ ማውንቱና ቱቦው የተገናኙበት ላይ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ነፋስ ካዞረው መስመሩ ተሰብሮ ስታዩት ወዲያው ይገባችኋል፣ ሬዲዮውን ከመጠርጠራችሁ በፊት።