በር ያላት ሁሉ ኮኖቴሌ አይደለችም

አንድ ተማሪዬ ከታቦር ተራራ ሥር የያዛትን ሸረሪት በሃይላንድ ጠርሙስ አምጥቶ «ቲቸር፣ ኮኖቴሌ አገኘሁ!» አለኝ። ኮኖቴሌ የጉድጓዷን አፍ በበር የምትዘጋ የሸረሪት ወገን ናት። እዚሁ ሐዋሳ! ፎቶ አይቶ ነው። አልፈረድኩበትም፤ ጀማሪ ሳለሁ እኔም ያው ነበርኩ።

በበሩ መፍረድ። ኮኖቴሌን ስንለይ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጉድጓዷን ከድርና ከአፈር በሠራችው ክዳን የምትዘጋ ሸረሪት ብዙ ናት። የደቡብ ምሥራቅ እስያው ሊፊስቲየስ የሚባለው ሸረሪትም በር አለው፤ ከኮኖቴሌ ጋር ግን ዝምድናቸው በጣም የራቀ ነው። ሆዱ ላይ የተደረደሩትን ጠንካራ ሽፋኖች ያየ ሰው አያምታታቸውም።

እግር ሲቆጥሩ መሳሳት። የኮኖቴሌ ምልክት ሦስተኛው እግር ላይ ነው። ቲቢያ በሚባለው ክፍል ጀርባ ላይ ኮርቻ የመሰለ ጎድጓዳ አለ። ማይክሮስኮፕ ሥር መብራቱን ከጎን አድርጉት፤ የጎድጓዳው ጥላ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ችግሩ የሴቷ ፔዲፓልፕ፣ ማለትም ከእግሮቿ ፊት ያለው ጥንድ አካል፣ እግር መምሰሉ ነው። እሱን አንድ ብሎ የጀመረ ሁለተኛውን እግር ሦስተኛ ይለውና «ኮርቻ የለም» ብሎ ይነሳል።

ኮርቻ አየሁ ብሎ መጨረስ። ኡሚዲያ የምትባለው ሌላ የሸረሪት ወገንም ኮርቻ አላት። ስዊድናዊው የሸረሪት ተመራማሪ ቶሬል ኡሚዲያን በ1875፣ ኮኖቴሌን በ1878 እ.ኤ.አ. ነው የሰየመው። ሁለቱን በአካል መለየት ሊቃውንቱንም ያስቸገረ ጉዳይ ስለሆነ የተገኘችበት አገር መታየት አለበት። ኡሚዲያ የአሜሪካ አህጉራትና የሜዲትራኒያን አካባቢ ናት። ኮኖቴሌ ደግሞ ከሕንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ አውስትራሊያና የፓስፊክ ደሴቶች ትገኛለች። ጎጆዋም ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ዛፍ ቅርፊት ላይ የምትሠራም አለች።

የድሮ መጽሐፍ ማመን። ቀድሞ ሁለቱም ክቴኒዚዴ በሚባል ፋሚሊ (የሸረሪት ቤተሰብ) ውስጥ ነበሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. በዘረመል ጥናት ፋሚሊው ተከፋፍሎ ሃሎኖፕሮክቲዴ ወደሚባል ፋሚሊ ሄደዋል። ላይብረሪ ያለው መጽሐፍ ይህን አልሰማም።

በቀለም መፍረድ። ቀለም ናሙናው በሚቀመጥበት አልኮል ውስጥ ይደበዝዛል። ተዉት።

ሴቷን ብቻ ይዞ ዝርያ መሰየም። ወንዱ ፔዲፓልፑ ጫፍ ላይ ያለው አካል ዝርያ ለመለየት ብዙ ይረዳል። ወንዱን የምታገኙት ደግሞ ሴት ፍለጋ ከጉድጓዱ ሲወጣ ነው።

የልጁን ሸረሪት አብረን አየናት። እግሯን ሁለቴ ቆጠርን፤ ኮርቻ የለም። ትንሽ ከፋው። ከዚያ ብልቃጡ ላይ በእርሳስ ጻፈ፦ «ታቦር ሥር፣ ሴት፣ በሩ ቀጭን።» ስም የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ተወው።