የፒክአፕ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት አቀያየር

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ በውኃ ሲዋጥ፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከአስፋልቱ በመውጣት ወደ ጣና ዳር ቀበሌዎች የሚመላለስ ፒክአፕ የኋላ አክሱ ውኃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። በጉዞ የጋለው ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም ባረጀ ፓራዮሊ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግድ የጎማ ቀለበት) በኩል ውኃ ይስባል። ስለዚህ በመመሪያው የተጻፈው ኪሎ ሜትር ገና ባይሞላም እንኳ፣ አክሱ ከተዘፈቀ በኋላ ዘይቱን መፈተሽ፣ ውኃ ከተገኘበትም ሳይውል ሳያድር መቀየር ያስፈልጋል።

የዲፈረንሻል ጥርሶች የሚፋተጉት እየተንሸራተቱ ጭምር በመሆኑ ከፍተኛ ጫና የሚችል ዘይት ይፈልጋሉ። ለብዙዎቹ ፒክአፖች የሚታዘዘው ጂኤል-5 የሚባል የጫና መቋቋም ደረጃ ያለው፣ ውፍረቱ 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-90 የሆነ ዘይት ሲሆን፣ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገታ ዲፈረንሻል) የተገጠመላቸው ግን ለእሱ የተዘጋጀ ዘይት ይፈልጋሉ። ትክክለኛውን ዓይነትና መጠን ከመኪናው መመሪያ ያረጋግጡ፤ ለታፖዎቹም (ለዘይት ቀዳዳዎቹ መዝጊያ ብሎኖች) አዲስ ሮንዴላ፣ ማለትም ዘይት እንዳያንጠባጥብ ከሥራቸው የሚገባ ቀለበት፣ ይግዙ።

ዘይቱ ቀጥኖ በደንብ እንዲፈስ መጀመሪያ ዓባይን ተሻግረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ይመለሱ። ከዚያም መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ሞተሩን ያጥፉ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙና ለጎማዎቹ ታኮ ያድርጉ። ፒክአፕ ከመሬት ከፍ ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ ክሪክ አያስፈልገውም፤ የኋላው ብቻ ከተነሣ ደግሞ የዘይቱ ልክ ይዛባል።

አሁን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ይመጣል። ዲፈረንሻሉ ሁለት ታፖዎች አሉት፤ አንደኛው ጎኑ ላይ ያለው መሙያ፣ ሌላው ከሥር ያለው ማፍሰሻ ነው። በዙሪያቸው የደረቀውን ዋልካ በሽቦ ብሩሽ ካጸዱ በኋላ፣ የመሙያውን ታፖ አስቀድመው ይፍቱ። አንድ የማውቀው ሹፌር ከሥር ያለውን ፈትቶ ዘይቱን በሙሉ ካፈሰሰ በኋላ የመሙያው ታፖ በዝገት ተጣብቆ አልፈታም ስላለው፣ መኪናው ዘይት አልባ ሆኖ ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ቆሟል።

መሙያው ከተፈታ በኋላ ሰፋ ያለ ዕቃ ከሥር አስቀምጠው ማፍሰሻውን ይክፈቱ፤ ዘይቱ ትኩስ ስለሆነ እጅዎን ይጠብቁ። የሚወርደውን ዘይት አተኩረው ይመልከቱት፤ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ማግኔት ባለው ታፖ ጫፍ ላይ የሚገኘው፣ በጣት ሲታሽ የሚልም ግራጫ ቅባት የተለመደ ነው። ጣትን የሚወጋ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርሱ ወይም ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ተጎድቷልና መካኒክ ከፍቶ ሊያየው ይገባል።

ጠብታው ሲያቆም ማፍሰሻውን በአዲስ ሮንዴላ ያጥብቁ፤ አዲሱን ዘይትም በእጅ ፓምፕ ወይም ቱቦ በተሰካበት ትልቅ ሲሪንጅ፣ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ደርሶ መንጠብጠብ እስኪጀምር ድረስ ይሙሉና ታፖውን ይዝጉ። ውኃ ገብቶ ከነበረ ጥቂት ቀን ነድተው ዘይቱን ዳግመኛ መቀየር ይሻላል፤ የመተንፈሻው ቱቦም በጭቃ አለመደፈኑን ሳያዩ አይለፉ።

አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ዘግተው ዘይት ለሚሰበስቡ ጋራዦች ይስጡ እንጂ በፍጹም ቦይ ውስጥ አይድፉት፤ የከተማችን ጎርፍ ማረፊያው ጣናና ዓባይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ዝቅ ብለው ሁለቱንም ታፖዎች በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ዘይት ከነካ እንደገና ያጥብቋቸው።