ስቶማ ለሚያወጣ የኮሎሬክታል (የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ) ቀዶ ሕክምና ሰልጣኝ

ስቶማ ማውጣት፣ ማለትም አንጀትን በሆድ ግድግዳ በኩል አውጥቶ ለሰገራ መውጫ መክፈት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሰልጣኝ የሚለቀቀው ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ነው። ዕጢው ወጥቷል፣ ሁሉም ደክሞታል፣ ሆዱ ቶሎ ይዘጋ ይባላል። ታማሚው ግን ከዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ በየቀኑ የሚያየው ስቶማውን ብቻ ነው። አብዛኛው ችግር ደግሞ የሚመጣው ከስፌቱ ሳይሆን ከቦታ ምርጫው ስለሆነ ሥራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልጋው አጠገብ ይጀመር።

ታማሚውን በጀርባው አስተኝተው ጭንቅላቱን ቀና እንዲያደርግ ይንገሩት። ሬክተስ (በሆድ ፊት ቁልቁል የሚወርደው) ጡንቻው ሲወጠር የውጭ ጠርዙን በጣት ይዳስሱ፤ ስቶማው በጡንቻው ውስጥ ማለፍ አለበት። ከዚያ ያስቀምጡት፣ ጎንበስ ያስብሉት፣ ያቁሙት። ይህን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፦ ሲተኛ ሜዳ የነበረ ቆዳ ሲቀመጥ ይታጠፋል፤ እጥፋት ላይ ደግሞ ሰገራ የሚቀበለው ከረጢት አይጣበቅም። በዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለጥ ያለ ቆዳ ይፈልጉ፤ ከእምብርት፣ ከጠባሳ፣ ከዳሌ አጥንት ጫፍና ከቀበቶ መስመር ይራቁ። ታማሚው ቦታውን ራሱ ማየት መቻል አለበት። ሆዱ ትልቅ ከሆነ የታችኛው ክፍል ስለማይታየው ከእምብርት በላይ ይውጡ። ኢሊዮስቶሚ (ከትንሹ አንጀት የሚወጣ ስቶማ) በቀኝ፣ ኮሎስቶሚ (ከትልቁ አንጀት የሚወጣ) በግራ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ዕቅድ ስለሚቀየር ሁለቱንም ጎን ምልክት ያድርጉ። የማይለቅ ማርከር ተጠቅመው በግልጽ ፕላስተር ይሸፍኑት፣ ገላ ሲታጠብ እንዳይጠፋ።

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ምልክቱ ላይ ቆዳውን በክብ ቆርጠው ያንሱ፣ ስቡን ግን ወደ ጎን ገለል ያድርጉት እንጂ አያውጡት። የፊቱን ፋሺያ (ጡንቻውን የሚሸፍነውን ጠንካራ ሽፋን) ከፍተው ጡንቻውን ሳይቆርጡ በቃጫዎቹ አቅጣጫ ይለያዩት፤ ከሥሩ የሚያልፉትን የኤፒጋስትሪክ ደም ሥሮች ይጠንቀቁ። ቀዳዳው ሁለት ጣት ያሳልፍ ይባላል፤ የማን ጣት የሚለው ግን ለውጥ ያመጣል። ከጠበበ አንጀቱ ያብጣል፣ ደሙም ይታፈናል፤ ከሰፋ ሄርኒያ (አንጀት በክፍተቱ ሾልኮ መውጣት) ይከተላል። አንጀቱ ሳይወጠርና ሜዘንተሪው (የአንጀቱን ደም ሥሮች የያዘው ሽፋን) ሳይጠመዘዝ መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ መጀመሪያ ዋናውን ቁስል ዘግተው ይሸፍኑ፣ ከዚያ ስቶማውን ይክፈቱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰገራ ቁስሉን ይበክለዋል።

ኢሊዮስቶሚ ከቆዳ በላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወጣ ማለት አለበት፤ ፈሳሹ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ስላለው ቆዳን ይልጣል። ለዚህ ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጀት ከቆዳ በላይ ያውጡ። በሚሟሟ ክር መጀመሪያ የአንጀቱን ጠርዝ ሙሉ ውፍረት፣ ቀጥሎ በቆዳው ደረጃ ያለውን የአንጀቱን ውጫዊ ንብርብር ብቻ፣ በመጨረሻ ከቆዳው ላይኛ ገጽ ሥር ያለውን የቆዳ ንብርብር (ደርሚስ) ይያዙ። ክሩ ሲጠብቅ አንጀቱ ራሱ ይገለበጣል። መርፌውን በቆዳው ላይኛ ገጽ ካሳለፉ የአንጀት ሽፋን በክሩ መንገድ ቆዳው ላይ ይበቅልና እርጥበቱ ከረጢቱን ያላቅቃል። ለኮሎስቶሚ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል።

በማግስቱ የስቶማውን ቀለም ይመልከቱ። ከጠቆረ፣ ቅባት የተቀባ የመስታወት ቱቦ አስገብተው ባትሪ ያብሩበት። ጥቁረቱ ከፋሺያ በላይ ካቆመ መከታተል ይቻላል፤ ከፋሺያ በታች ከወረደ ግን ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መመለስ ነው።

የከረጢቱን ቀዳዳ ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተው ይቁረጡ። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ስለሚቀንስ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ከኢሊዮስቶሚ የሚወጣውን በየቀኑ ያስመዝግቡ፤ ከ1.5 ሊትር ካለፈ ታማሚው ሶዲየም እያጣ ነው። ሲጠማው ውሃ ብቻ አብዝቶ ከጠጣ የሚወጣው ፈሳሽ ይብሳል፤ ስለዚህ ውሃውን ገድበው በሶዲየም የበለጸገ ኦ.አር.ኤስ ይስጡት፣ ኢንፌክሽንና የአንጀት መዘጋት አለመኖሩን አይተው የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚያዘገየውን ሎፔራማይድ ይጨምሩ። ከረጢቱን ራሱ ቀይሮ ሳያሳይ ወደ ቤት አይላክ።